ኢብን በጡጣ በመቅዲሹ

እ.ኤ.አ. በ1304 ታንጂር የተወለደው ኢብን በጡጣ በ21 ዓመቱ ለሐጅ ወጥቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ዞረ። በ1331 ግድም ዘይላ ሲደርስ የዓሣውና የታረደው ግመል ሽታ አስመርሮት መርከቡ ላይ አደረ፤ ከዚያ ሆኖ በከተማይቱ ላይ የሰጠውን ፍርድ እኛ አንቀበለውም። መቅዲሹ ግን የደረሶች ማረፊያ ገብቶ፣ በቅቤ የበሰለ ሩዝ እየበላ ሰነበተ። ስለዚህም ብዙ አወቀ። መርከብ ሲመጣ ወጣቶች በጀልባ ምግብ ይዘው ይወጣሉ፤ ምግቡን የተቀበለ ነጋዴ የዚያው ወጣት እንግዳ ይሆናል። አስተናጋጁ የሌለበት ሽያጭ ውድቅ ነው። የከተማይቱ ጨርቅ እስከ ግብጽ ይላካል። የሸሪዓ ጉዳይ በቃዲው፣ ሌላው በወዚሮችና በአሚሮች ይታያል፤ ለሱልጣኑ የቀረበው መልሱ በዚያው ወረቀት ጀርባ ተጽፎ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ፌዝ ላይ ለኢብን ጁዘይ አስጻፈው፤ መጽሐፉም በ1355 ተጠናቀቀ።