በደመወዝ መዝገብ ያልገባችው ሳካጋዌያ

ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በ1803 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል) ሉዊዚያና የሚባለውን ሰፊ ግዛት ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ከሚሲሲፒ ወንዝ እስከ ሮኪ ተራሮች የተዘረጋው ይህ መሬት የአገሪቱን ስፋት እጥፍ ያህል አደረገው። ሕገ መንግሥቱ መሬት ስለ መግዛት በግልጽ የሚለው ነገር ስላልነበረ ጄፈርሰን ራሳቸው አመንትተው ነበር፤ ናፖሊዮን ሐሳቡን እንዳይለውጥ በመስጋት ግን ውሉ በዚያው ዓመት እንዲጸድቅ አደረጉ። በመሬቱ ላይ ለዘመናት የኖሩትን ሕዝቦች የጠየቃቸው አልነበረም።

የዚህ ዘመን ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው የወንዶቹን ስም ነው። እኛ በዚህ እትም የምናወሳት ልጇን አዝላ ያንን አገር ያቋረጠችውን ሳካጋዌያን ነው።

ሳካጋዌያ በ1788 ገደማ፣ ዛሬ አይዳሆ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ከሾሾኒ ሕዝብ ተወለደች። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሂዳትሳ ተዋጊዎች ሰፈራቸውን ወርረው ማረኳት፤ ከወገኖቿ ለይተውም ዛሬ ሰሜን ዳኮታ ወደሚባለው አገር ወሰዷት። በዚያም ቱሳን ሻርቦኖ የተባለ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ነጋዴ ሚስቱ አደረጋት። በዕድሜ በብዙ ይበልጣት ነበር፤ ሌላም የሾሾኒ ሚስት ነበረችው።

ጄፈርሰን ከግዢው አስቀድመው ያሰቡት ጉዞ ነበር። ጸሐፊያቸው የነበረው ሜሪዌዘር ሉዊስ ከዊልያም ክላርክ ጋር ሆኖ የሚዙሪን ወንዝ ተከትሎ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚያደርስ መንገድ እንዲፈልግ ላኩት። ነዋሪዎቹን ሕዝቦች ከአሜሪካ ጋር እንዲነግዱ ማግባባትና አዲስ ገዢ እንደመጣ መንገርም የጉዞው ዓላማ ነበር። መኮንኖቹ የ1804ን ክረምት በሂዳትሳ መንደሮች አጠገብ አሳለፉ። ተራራውን ለመሻገር ፈረስ ያስፈልጋቸዋል፤ ፈረስ ያላቸው ደግሞ ሾሾኒዎች ናቸው። ስለዚህ ሻርቦኖን በአስተርጓሚነት ቀጠሩት። ቋንቋውን የምታውቀው ግን ሚስቱ ነበረች።

የካቲት 11 ቀን 1805 ሳካጋዌያ ዣን ባቲስት የተባለውን ወንድ ልጇን በብርቱ ምጥ ተገላገለች። ሁለት ወር ሳይሞላት፣ ወገቧ ሳይጠና፣ ሚያዝያ 7 ቀን ልጇን ይዛ መንገድ ጀመረች።

በግንቦት ወር አንዲት ጀልባ በነፋስ ተመትታ ልትገለበጥ ደረሰች። መሪውን የያዘው ሻርቦኖ በድንጋጤ ሲጮኽ ሳካጋዌያ በውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ዕቃ አንድ በአንድ ለቀመች። በመንገድ ላይ የሚበላ ሥር እየቆፈረች ለጓዙ ቀለብ ትጨምር ነበር። ልጅ የያዘች ሴት አብራቸው መኖሯም በየደረሱበት ለጦርነት እንዳልመጡ ያሳይላቸው እንደነበር ክላርክ በማስታወሻው መዝግቧል።

ነሐሴ 17 ቀን ከወገኖቿ ተገናኘች። ለማስተርጎም ስትቀመጥ አለቃው ካሚያዌይት ወንድሟ መሆኑን አወቀች፤ አቅፋው አለቀሰች። ከዚያም ሥራዋን ቀጠለች። መኮንኖቹ በእንግሊዝኛ የተናገሩት ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ሻርቦኖ ወደ ሂዳትሳ፣ ከሂዳትሳ እሷ ወደ ሾሾኒ ይመለሳል። ፈረሶቹ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

በኅዳር ወር ውቅያኖሱ ጋ ሲደርሱ መኮንኖቹ የፈለጉትን የጸጉር ካባ ለመግዛት የሳካጋዌያ የሰማያዊ ዶቃ መቀነት ተሰጠ። በጥር ወር የሞተ ዓሣ ነባሪ ባሕሩ ዳር መውጣቱ ሲሰማ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዤ ባሕሩንም ዓሣውንም ሳላይ አልቀርም ብላ ሞገተች፤ ወሰዷት።

በ1806 ነሐሴ ወር ወደ መንደሩ ተመለሱ። ሻርቦኖ 500 ዶላር ከ33 ሳንቲም ተቆጠረለት፤ ኋላም መሬት ተሰጠው። ለሳካጋዌያ የተከፈለ ነገር የለም። የክላርክ ባሪያ የነበረው ዮርክም እንዲሁ ባዶ እጁን ቀረ። ክላርክ ጥቂት ቀን ቆይቶ ለሻርቦኖ በጻፈው ደብዳቤ ሚስቱ የበለጠ ዋጋ ይገባት እንደነበር አምኗል። ውለታዋን ያውቁ ነበር ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ግን አልሰፈረም።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1812 በፎርት ማኑኤል የምሽግ ጸሐፊ የሻርቦኖ ሚስት በትኩሳት መሞቷን፣ ዕድሜዋ 25 ገደማ መሆኑን፣ ሴት ሕፃን ትታ መሄዷን ጻፈ። በምሽጉ ካሉት ሴቶች የምትበልጥ መሆኗንም መሰከረ። ስሟን ግን አልጻፈም። ብዙ የታሪክ ሰዎች ሟቿ ሳካጋዌያ እንደሆነች ይቀበላሉ። የሞተችው ሌላዋ ሚስት ናት፣ ሳካጋዌያ በዋዮሚንግ እስከ 1884 ኖራለች የሚል ትውፊትም አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ የዘለቀው አንድ ስም ስላልተጻፈ ነው። ልጆቿን ለማሳደግ ክላርክ ሞግዚት ሆነ።

የከፈተችው መንገድ ለወገኖቿ በጎ አላመጣም። የትውልድ ሸለቆዋ ሾሾኒዎች በ1907 ከመሬታቸው ተነሥተው ፎርት ሆል ወደተባለው ሌላ ሰፈር ተወሰዱ። በ2000 የአሜሪካ መንግሥት መልኳን ልጇን እንዳዘለች በአንድ ዶላር ሳንቲም ላይ ቀረጸ። በሕይወቷ አንድ ዶላር ያልተከፈላት ሴት ናት።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምስጋና የደመወዝን ቦታ እንደማይተካ ነው። የብዙዎቻችን ጉልበት ዛሬም በባል፣ በወንድም ወይም በአሠሪ ስም ይመዘገባል። አብረን ያቆምነው ሱቅ ፈቃድ፣ አብረን የከፈልነው ቤት ካርታ፣ የቁጠባ ደብተሩ በማን ስም ነው? ሁላችንም በዚህ ወር ሰነዶቻችንን አውጥተን እንመልከት፤ ስማችን የሌለበት ካለም በጊዜው እናስጽፍ።