በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፦ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት የሰያደብር ልጅ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 55 አንቀጾች ያሉትን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት በፊርማቸው አጸደቁ። ሰነዱን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሰያደብር ተወለዱ። ሐረር በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ በ1888 ዓ.ም. ገና በለጋ ዕድሜያቸው ጌታቸውን ተከትለው ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩስያ ተላኩና በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ትንሿ ጃፓን ኃያሏን ሩስያን ድል ስትነሣ እርሳቸው በዚያው በሩስያ ነበሩ። ይህ ነገር በኋላ በሥራቸው ላይ አሻራውን ሳያሳርፍ አልቀረም። ከዚያም በአውሮፓ ግብርና አጠኑ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው የጻፉት ፋቡላ የተሰኘው ተውኔት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ቴአትር ነው። በአውሬዎች አምሳል የሹማምንቱን ብልሹነት ስላሳየ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የተክለ ሐዋርያት ድምፅ ግን በዚያ አልጠፋም፤ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ፤ የሕገ መንግሥቱንም ረቂቅ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ።

አርአያ ያደረጉት በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። የሕዝቡን መብት የሚዘረዝረው ሦስተኛው ምዕራፍ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከ22ኛው እስከ 27ኛው ያሉት አንቀጾች ከጃፓኑ ጋር በይዘት ብቻ ሳይሆን በቁጥርም ይገጥማሉ፦ ከቦታ ወደ ቦታ በነፃነት መሄድ፣ ከሕግ ውጭ አለመታሰር፣ በተቋቋመ ፍርድ ቤት መዳኘት፣ የቤት አለመበርበር፣ የደብዳቤ ምስጢር መጠበቅ፣ ሀብትን ያለ ሕግ አለመነጠቅ። በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ እህሉን በአህያ ጭኖ ከአጅባር ወደ ደሴ ለሚወርድ የዚያ ዘመን ገበሬ፣ አንቀጽ 22 ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር፤ ቢነገረው ኖሮ።

ከዚህ በኋላ ግን ሁለቱ ሰነዶች ይለያያሉ። የጃፓኑ አንቀጽ 28 የሃይማኖት ነፃነትን፣ አንቀጽ 29 ደግሞ የመናገርና የመጻፍ ነፃነትን፣ ሁለቱንም በገደብ፣ ይፈቅዳሉ። በኢትዮጵያው ሰነድ ሁለቱም የሉም። በቦታቸው 28ኛው አቤቱታ የማቅረብ መብት ሆነ፤ 29ኛው ደግሞ ጦርነት ወይም የሕዝብ መከራ በመጣ ጊዜ የመብቶቹ ምዕራፍ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን እንደማያግድ ይደነግጋል። ተውኔቱ የታገደበት ደራሲ ባረቀቀው ሕግ ውስጥ የመናገር መብት አለመኖሩ ያስገርማል። ሆኖም በረቂቁ ላይ የመጨረሻው ቃል የአርቃቂው አልነበረም።

የተጻፉትም ቢሆኑ ለሁሉም እኩል አልደረሱም። የሀብት ጥበቃው መሬት ላለው ብርቱ አጥር ሲሆን፣ የሰው መሬት ለሚያርሰው ጭሰኛ ብዙም አልፈየደም። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላትም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል በመኳንንቱና በአገር ሹማምንቱ እንዲመረጡ ተደረገ።

ጣልያን ወረራዋን ስታሰናዳ ተክለ ሐዋርያት ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ተወካይ ሆነው ተሟገቱ። በ1928 ዓ.ም. ተመልሰው የንጉሠ ነገሥቱን ወደ ውጭ መውጣት ተቃወሙ። ከንጉሡም ጋር ተለያዩ፤ በጅቡቲና በኤደን አልፈው ማዳጋስካር ላይ ረጅም የስደት ዘመን አሳለፉ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላም ቶሎ አልተመለሱም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመናገርንና የጋዜጣን ነፃነት ጨመረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለውን ሦስተኛ ምዕራፉን ለመብቶች ሰጠ፤ አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለውም በአንቀጽ 40 ጻፈ። የአማራ ክልልም በ1994 ዓ.ም. ባሻሻለው ሕገ መንግሥት ለመብቶች የራሱን ስፍራ ሰጥቷል። በ1923ቱ ሰነድ ለጭሰኛው ያልደረሰው ጥበቃ በሕግ ላይ ለመስፈር ብዙ ዓመታት ፈጀበት።

ተክለ ሐዋርያት ከስደት ሲመለሱ ሐረርጌ ሂርና ባለው እርሻቸው ተቀመጡ። በ1969 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር፤ መጽሐፉ ግን የታተመው እርሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።