ሳይመረቁ ያስተማሩት መምህር

በካይሮ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን መንፈሳዊ ኮሌጅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ሥራ ሲጀምር፣ ሀቢብ ጊርጊስ ከመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነበሩ። ኮሌጁ ግን ለሃይማኖት ትምህርት ብቁ መምህር አልነበረውም! ወጣቱ ሀቢብ መጻሕፍትን በራሳቸው እያገላበጡ ተማሩ፤ በ1898 ገና ሳይመረቁ እንዲያስተምሩ ተመደቡ።

ውድ አንባብያን፣ መምህር የማጣትን ረሃብ የቀመሰ ሰው ተማሪውን እንዴት ችላ ይላል? ከ1918 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1951 ድረስ ኮሌጁን ሲመሩ፣ ደቀ መዛሙርቱን ሕፃናትን እንዲያስተምሩ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ያሰማሩ ነበር። ነገ በሕፃናት ፊት የሚቆም ተማሪ (ይህን እኛም እናውቀዋለን) ዛሬ ማንም ሳይቆጣው ተግቶ ያነባል።

ከተማሪዎቻቸው መካከል ናዚር ጋይድ የሚባሉ ወጣት ነበሩ። ተመርቀው በዚያው ኮሌጅ አስተማሩ፤ በ1971 አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ተብለው ፓትርያርክ ሆኑ።