የእንጨት ዳክዬ ሠሪው ኤልመር ክሮዌል

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከመርጡለ ማርያም ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ ማሽላ ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ጠባቂ ያልተገኘ እንደ ሆነ ገበሬው እንጨት አመሳቅሎ አሮጌ ልብስ ያለብስና ሰው የሚመስል ማስፈራሪያ በማሳው መካከል ያቆማል። ወፊቱም በምስሉ ተታልላ ትሸሻለች። በሌላው ዓለም ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥበብ አለ፤ ይኸውም ወፍ የሚመስል ነገር ሠርቶ በውሃ ላይ በማንሳፈፍ በሰማይ የሚያልፈውን ወፍ ወደ አዳኙ መጥራት ነው።

ጥበቡ እጅግ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ አገር በኔቫዳ፣ ላቭሎክ በተባለ ዋሻ ውስጥ፣ ከውሃ ዳር በሚበቅል ደንገል መሰል ሣር የተሠሩ 11 የዳክዬ ምስሎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸውም ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የአዳኝ መሣሪያ ከፍ ካለው የእጅ ጥበብ ደረጃ ካደረሱት ሰዎች መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚነሣው አንቶኒ ኤልመር ክሮዌል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ስለ አገራችን ከሚነገረው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሮዌል በታኅሣሥ ወር 1862 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬፕ ኮድ ባሕር ዳር፣ ኢስት ሃርዊች በተባለች መንደር ተወለደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ ጠመንጃ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሐይቁና ረግረጉ ትምህርት ቤት ሆኑት። በዚያ ዘመን የዱር ወፍ አድኖ ለከተማ ገበያ መሸጥ እንደ ማንኛውም ንግድ የተፈቀደ ሥራ ነበር፤ ወጣቱም ከዚሁ ከአደንና ከእርሻ ኑሮውን መሠረተ። በጎልማሳነቱም በ1900 አካባቢ ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል በዌንሃም ሐይቅ ዳር የጆን ፊሊፕስን የአደን ሰፈር አስተዳደረ።

ይህ ፊሊፕስ በኋላ በሐኪምነት ተመርቆ የወፎች ሊቅ የሆነና ስለ ዳክዬ ዘሮች ሁሉ ከ1922 እስከ 1926 አራት ትልልቅ መጻሕፍት ያሳተመ ሰው ነው። ለእኛም ጨርሶ ባዕድ አይደለም፤ በ1912 እና በ1913 መካከል የእንስሳትና የወፎች ናሙና ለመሰብሰብ ወደ ሱዳን ሄዶ የጎጃምን ምድር ከብቦ የሚወርደውን ዓባይን ተከትሎ ተጉዟል።

በአደኑ ሰፈር ክሮዌል የሚጠብቃቸው ለማዳ ዝይዎችና ዳክዬዎች ነበሩ። እነዚህ በውሃው ዳር ታስረው ሲጮኹ የዱሮቹ ወገናችን ነው ብለው ያርፉና በጥይት ይወድቃሉ። ክሮዌል እነሱን ሲመግብ ሲጠብቅ፣ ዳክዬ ስትተኛ አንገቷን እንዴት እንደምታጥፍ፣ ላባዋን ስታበጥር ምንቃሯን የት እንደምታደርስ በዓይኑ መዘገበ። በትርፍ ጊዜውም ያየውን በእንጨት መቅረጽ ጀመረ። በ1912 ደግሞ ቅርጹን ሙሉ መተዳደሪያው አደረገው።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ሰውነቱን ውሃ ከማያበሰብሰው ቀላል የዝግባ ዓይነት እንጨት በመጥረቢያ ይጠርባል፤ ራሱን ከሌላ እንጨት በቢላዋ ቀርጾ ይገጥማል፤ ከመስተዋት የተሠራ ዓይን ያደርግለታል። የደረቱንና የማጅራቱን ላባ ለማስመሰል እንጨቱን በሞረድ ይፍቀዋል። ከዚህ በኋላ አንዱ የዘይት ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን እየደረበ ላባው ለስላሳ እስኪመስል ይቀባዋል። በመጨረሻም ከሥሩ ስሙና መንደሩ ያለበትን ሞላላ ማኅተም በእሳት ይተኩሳል።

ዳሩ ግን የጥበቡ መሠረት የሆነው አደን በራሱ ጥፋት እየተናጋ ነበር። በአሜሪካ ሰማይ በቢሊዮን ይቆጠር የነበረው ተጓዥ ርግብ በጥይት አልቆ፣ የመጨረሻይቱ በ1914 በአንድ የእንስሳት መጠበቂያ ሞተች። ከዚህ በኋላ በ1918 ከአገር አገር የሚሄዱትን ወፎች አድኖ መሸጥ በሕግ ተከለከለ፤ በ1935 ደግሞ ለማዳ ዳክዬ አስሮ ማማለል ቀረ። እንግዲህ ክሮዌል በወጣትነቱ የኖረበት ንግድም፣ በጎልማሳነቱ የተቀጠረበት ሥራም፣ በዕድሜው ዘመን ሁለቱም በሕግ ተዘጉ ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዘመኑን ሲያማርር በቀረ። እርሱ ግን ከአዳኝነት የቀረለትን ዕውቀት ይዞ፣ ለውሃ ሳይሆን ለቤት ጌጥ የሚሆኑ ወፎችን አበዛ። ከመዳፍ የማይበልጡ ትናንሽ ዳክዬዎችን፣ የባሕር ዳር ወፎችንና ዘማሪ ወፎችን ከልጁ ከክሊዮን ጋር ሆኖ ሠራ። ወፍ ለመግደል የተማረው እጅ ማንም የማይገድላቸውን ወፎች ሲቀርጽ አረጀ። በመጨረሻም የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቹን ስለ ያዘው ሥራውን አቆመ፤ በጥር 1 ቀን 1952 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። በ2007 ከሠራቸው ሁለት ወፎች፣ አንዲት የተኛች ዝይና አንድ ላባውን የሚያበጥር ሹል ጅራት ዳክዬ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ።

ይህ ሹል ጅራት ዳክዬ ለአገራችንም እንግዳ ቢሆን ቤተኛ እንግዳ ነው። የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ በየዓመቱ ጣናን ከመሳሰሉት ሐይቆቻችን ይከርማል። የዳክዬ ሥጋ መብላት በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ልማድ ስላልሆነ ማማለያ የሚቀርጽለት የለም። የጎደለን ግን ማማለያው ሳይሆን ለቀራጩ የሚገባው ክብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እያሉ መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ነገር ግን ዲፕሎማ የያዘ ወጣት መዶሻ ወይም ሞረድ ቢያነሣ ቤተ ዘመዱ ዛሬም እንደ ውድቀት ይቈጥርበታል።

በመርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ፣ ጌጥ የተቀረጸበት ድንጋዩ እስከ ዛሬ ይታያል። የእቴጌይቱን ስም የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ አበባውን ከድንጋዩ ያወጡትን ጠራቢዎች ስም ግን የሚጠራ የለም። የኢስት ሃርዊቹ ሰው በየወፉ ሥር ስሙን የተኰሰው ለገበያው ብቻ አልነበረም፤ በሥራው ስለማያፍር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የሚያሳርፉ ወጣቶቻችንም ይህን ቢያስቡት መልካም ነው፤ ማኅተም የሚከበረው ከሥሩ ባለው ሥራ ነውና።