ልዕልት ፀሐይ፦ የሰው አገር ሕፃናት አስታማ፣ ሙያ ይዛ አገሯ የገባች

 

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ጦር ኃይሎች የሚባለውን ሰፈር ያውቃል። የታክሲ ረዳት ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች እያለ ሲጣራ ሰምተን ገብተናል፣ ወርደናል። እዚያ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ግን ሲከፈት ስሙ ሌላ ነበር። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር የሚባለው።

የዚችን ልጅ ታሪክ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ላሉ ሕፃናት ጤና የምናዋጣበት ሣጥን ሲዞር የእኛ ሳንቲም ምን ይሠራል የምንል አንጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ታሪኳን ካወቅኩ በኋላ ግን አፍሬያለሁ። ልዕልት ስለሆነች አንቱ ማለት ይገባ ነበር፤ ግን ስትሞት ዕድሜዋ እንደ እኛ ስለነበር እንደ እህት አድርጌ እጽፋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ፀሐይ የተወለደችው በ1919 ነው። አባቷ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪ፣ እናቷ እቴጌ መነን ናቸው። ልጅነቷ በቤተ መንግሥት፣ በሞግዚትና በአስተማሪ መካከል ነበር። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ወረረ። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። ትናንት ብዙ አሽከር የነበረው ቤተሰብ በብርድ አገር ገንዘብ እያጠረው ኖረ። ስደት ለንጉሥም ስደት ነው።

ያኔ ፀሐይ ገና ልጃገረድ ነበረች። ቤት ቁጭ ብላ የአገሯን ነፃ መውጣት ብትጠብቅ የሚወቅሳት አልነበረም። እሷ ግን በዚያው ዓመት ለንደን ሄዳ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ትምህርት ገባች። ይኼ ሆስፒታል በ1852 የተከፈተ፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ዘመን ነርስነት መማር ማለት ደብተር ይዞ ክፍል መቀመጥ ብቻ አልነበረም። ተማሪዋ እየሠራች ነው የምትማረው። አልጋ ማንጠፍ፣ ሕፃን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ የትኩሳት ሙቀት መለካት፣ ዕቃ መቀቀል፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ማደር አለ። ፔኒሲሊን ገና ለበሽተኛ የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሕፃኑን የሚያተርፈው ንጽሕና፣ በሰዓቱ የተሰጠ ምግብና የማያንቀላፋ ዓይን ነው።

እህቶቼ፣ ይኼን ሥራ የማናውቅ ማን አለን? የሰው ልጅ ሲያተኩሰው ሌሊት ግንባሩን የምንዳስሰው እኛ አይደለንም? የምናሳድገው ልጅ ሲያስለው ከእናቱ ቀድመን የምንነቃው እኛ ነን። ልዩነቱን ግን መደበቅ አያስፈልግም። እሷ ልዕልት ነበረች። ፓስፖርቷን ወስዶ የቆለፈባት፣ ደሞዟን የያዘባት የለም። በፈለገች ጊዜ ትታ መውጣት ትችል ነበር። መውጣት እየቻለች መቆየቷ ነው እኔን የገረመኝ።

ሦስት ዓመት ተምራ በነሐሴ 1939 የሕፃናት ነርስ ሆና ተመረቀች። በሚቀጥለው ወር ትልቁ ጦርነት ተነሣ። እሷም ሙያዋን ለማስፋት ጋይስ በሚባል ሌላ የለንደን ሆስፒታል ገባች። ከመስከረም 1940 ጀምሮ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ በነርስነት አገልግላለች። የገዛ አገሯ በአውሮፕላን ቦምብ ስትቃጠል ያየች ልጅ፣ የሰው አገር ሲቃጠል ቁስለኛ አስታመመች።

በ1941 ኢትዮጵያ ነፃ ስትወጣ ፀሐይ ጠቅልላ ገባች። ምን ይዛ ገባች ብትሉ፣ ሙያዋን ነው። ያኔ በአገራችን የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ነርስ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ብዙዎቹ የተማሩ ልጆች በጣሊያን ጊዜ አልቀዋል። እሷ ደሴ ሆስፒታል ገብታ ሠራች። ምኞቷ ግን ከዚያ ይሰፋ ነበር፤ የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና የሚሰጥ፣ የአገራችን ልጆችም ነርስነት የሚማሩበት ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ እንዲቆም ትፈልግ ነበር።

ከዚያ አቢይ አበበ የሚባሉትን የጦር መኮንን አግብታ ወደ ወለጋ፣ ነቀምት ሄደች። ብዙም አልቆየች። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ነሐሴ 17 ቀን 1942 መሆኑ ነው፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች። ልጇም አልተረፈም። አገሯ ከገባች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

እዚህ ላይ ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ቆየሁ። ሌሎች እናቶችን ልታድንበት የተማረችው ነገር እሷን ሳያድናት ቀረ። የንጉሥ ልጅ ናት፣ ነርስ ናት፣ ግን በወቅቱ ሊያተርፋት የሚችል ሕክምና አላገኘችም። የንጉሥ ልጅ እንዲህ ከሆነች፣ ገጠር ያለችው እህታችንማ እንዴት ትሆን ነበር?

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አላለቀም። እንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባል ሴት ነበረች። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ብዙ ጊዜ ታስራለች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ በድሆች ሰፈር የነበረን አንድ መጠጥ ቤት ወደ እናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ለውጣ፣ ወተት እየሰጠች ሠርታለች። ጣሊያን ሲወረን ከ1936 ጀምራ ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ አወጣች። ፀሐይ ስትሞት ምኞቷ አብሯት እንዳይቀበር ብላ ለመታሰቢያዋ ሆስፒታል የገንዘብ ማሰባሰቢያ ተነሣች። የማሰባሰቢያው ጸሐፊ ሆና በነፃ ሠራች። ደብዳቤ ጻፈች፣ ሰው ለመነች፣ ዓመት ከዓመት አልሰለቸችም። እንግሊዝ ራሷ በጦርነት ተጎድታ፣ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ነው እኮ ይኼ ሁሉ። ኢትዮጵያን አይተው የማያውቁ ሰዎች ከዚያው ካላቸው ሰጡ።

ሆስፒታሉ በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ጀመር። ሲልቪያም በ1956 መጥታ አዲስ አበባ ኖረች። በ1960 አርፋ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች።

በ1959 ደግሞ ሬጅና ካትሪን ሃምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ሊያቋቁሙ መጡ። እዚያ ሲሠሩ በወሊድ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ ከሰው የተገለሉትን እናቶች አዩ። ሦስት ዓመት ብለው የመጡት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀሩ። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሬጅ በ1993፣ ካትሪን በ2020 ነው ያረፉት። ብዙ ሺህ እናቶች ድነዋል። እንግዲህ ቁጠሩት፤ የአንዲት ልጅ ምኞት ስንት ቤት ደረሰ?

ከአብዮቱ በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተቀይሮ ጦር ኃይሎች ሆነ። ዛሬ በዚያ በር የሚያልፈው ብዙው ሰው ፀሐይን አያውቃትም። ሥራው ግን ስሟን አልጠበቀም።

እኛም ሣጥኑ ሲዞር ያለንን እንጨምር። ዘንድሮ ደሞዝ ያልተሰጣት እህት አትፈር፤ እሷም የምትሰጠው አላት። አገር ቤት ስንደውል ስለ ገንዘብ ብቻ አናውራ። ነፍሰ ጡር እህታችን ክትትል እንዳላት እንጠይቅ። ምጥ ሳይመጣ የመኪናው ነገር እንዲታሰብበት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳ እንድትወልድ እንንገራት። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም መፍሰስ ዛሬም እናቶችን የሚገድል ነገር ነው፤ ይቆማል ተብሎ ቤት አይጠበቅም። ሕፃን ሲያስቀምጠው ጡት እንዳይከለከል፣ ከጤና ጣቢያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዲወስዱለት፣ እጅ በሳሙና እንዲታጠቡ እንንገራቸው። ይኼን ለመናገር ልዕልት መሆን አያስፈልግም።

እግዚአብሔር ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን። ባዶ እጃችንን ብንገባ እንኳ ያወቅነውን ይዘን እንግባ።

እህታችሁ ነኝ