ዐፄ ፋሲልና የኔፕልሱ ኤግዚቢሽን

ለጥምቀት ጎንደር የዘለቀ ሰው የፋሲልን መዋኛ ሳያይ አይመለስም። ያ መዋኛ ባሕር ማዶ አምሳያ እንዳለው የምናውቅ ግን ጥቂት ነን። ስለዚህ ዘንድሮ የባለቤቱን ታሪክ በአጭሩ ልናነሣ ወደድን።

ፋሲል የዐፄ ሱስንዮስ ልጅ ናቸው። አባትየው በኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች ምክር ካቶሊክ ሲሆኑ አገር ታመሰ። በወይና ደጋው ጦርነት ወገን በወገን እጅ እንደ ቅጠል ከረገፈ በኋላ፣ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲልም ሚሲዮኖቹን ካገር አስወጡ፤ ጎንደርንም ቆርቁረው ዛሬ የምናየውን ግንብ አሠሩ። ደግ ብቻ ነበሩ ብንል ግን ውሸት ይሆንብናል። የሸፈተባቸውን የገዛ ልጃቸውን ዳዊትን ወህኒ አምባ ላይ አስረውታል። ድሮ የነጋሢ ዘር በእኛው በወሎ፣ በግሸን አምባ ይታሰር እንደነበረው መሆኑ ነው። እስር ቤትን ወህኒ የምንለውም ከዚያው አምባ ስም ነው።

በ1660 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣና ላይ፣ ደጋ እስጢፋኖስ ተቀበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጣሊያን አገራችንን ወረረ። በግንቦት ልደታ 1932 ዓ.ም. ኔፕልስ ከተማ ላይ የቅኝ ግዛቶቹን ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ለየግዛቱ አዳራሽ ተሠርቶ ነበር፤ ፓቪሊዮን ይሉታል። በምሥራቅ አፍሪካው ክፍል የፋሲል መዋኛ ከነሕንፃው አምሳያው ተገነባ። የውጭ ሰው በሃይማኖቱ እንዳይገባበት በሩን የዘጋ ንጉሥ ሥራ፣ የወራሪ ንብረት ተብሎ ለተመልካች ቀረበ ማለት ነው። እኛን የሚቆረቁረን ይኸ ነው።

ደግሞ ድንጋይ ብቻ አልነበረም። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ሰዎችም ለትርኢት ተወስደው ነበር። ኤግዚቢሽኑ አንድ ወር ያህል ብቻ እንደቆየ ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን ወደ ጦርነቱ ገባና ተዘጋ። ሰዎቹ ያው መመለሻ አጥተው እዚያው ቀሩ። በኋላም ትሬያ ወደምትባል ከተማ ተወሰዱ። ከመካከላቸው አምልጠው ፋሺስትን ከሚወጉት የጣሊያን አርበኞች ጋር ዱር የገቡ አሉ። ካርሌቶ ይሉት የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ በ1936 ዓ.ም. በውጊያ ወድቆ፣ ድንኳን የሚተክልለት እድርተኛ በሌለበት፣ ሳን ሰቬሪኖ ተቀበረ። የመዋኛው አምሳያ ዛሬም ኔፕልስ ቆሟል።