ኢማም ቡኻሪ፦ ለሐዲስ መመዘኛ ያበጁት፣ በዘመናቸው የተወገዙት ሊቅ

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ864 ገደማ ሙሐመድ ኢብን ኢስማኢል አል-ቡኻሪ በዛሬይቱ ኢራን ወደምትገኘው ኒሻፑር ሲገቡ፣ የከተማዋ ታላቅ የሐዲስ ሊቅ ሙሐመድ ኢብን ያሕያ አል-ዙህሊ ሕዝቡ ወጥቶ እንዲቀበላቸው አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከቡኻሪ ዘንድ የሚማር ሁሉ የእርሳቸውን ጉባኤ እንዳይረግጥ ከለከሉ።

ቡኻሪ በ810 በቡኻራ፣ በዛሬይቱ ኡዝቤኪስታን ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ16 ዓመታቸው ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጋር ለሐጅ ሄደው ለትምህርት መካ ቀሩ፤ ከዚያም ከአገር አገር እየዞሩ ሐዲስ ሰበሰቡ።

ሐዲስ የሚመዘነው ከነቢዩ ጀምሮ ባስተላለፉት ሰዎች ሰንሰለት፣ በኢስናዱ ነው። ለቡኻሪ አስተላላፊውና ተቀባዩ በአንድ ዘመን መኖራቸው ብቻ አይበቃም፤ መገናኘታቸው መታወቅ ነበረበት። 16 ዓመት እንደፈጀ የሚነገርለት ‘ሶሒሕ’ የተሰኘው መጽሐፋቸው፣ የተደጋገሙትን ጨምሮ ከ7,000 የሚበልጡ ሐዲሶችን ይዟል። በሱኒ ሙስሊሞች ዘንድ ከቁርኣን ቀጥሎ ቢከበርም ከምርመራ አላመለጠም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ዳረቁጥኒ አንዳንድ ኢስናዶቹን ተችተዋል። በ1958 ግብፃዊው ማሕሙድ አቡ ረያ የሐዲስን ተዓማኒነት ከመሠረቱ የሚጠይቅ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ብዙ ሊቃውንት መልስ ጽፈውባቸዋል።

የኒሻፑሩ ጠብ ግን ስለ ቁርኣን ነበር። ከ833 ጀምሮ የአባሲድ ከሊፋዎች ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን እምነት በሊቃውንት ላይ በግድ ጭነው ስለነበር፣ ቁስሉ ገና አልሻረም። ቡኻሪ ቁርኣን ያልተፈጠረ የአላህ ቃል መሆኑን ያምናሉ፤ የሚያነበው ሰው ድርጊት ግን ፍጡር ነው ይላሉ። ለአል-ዙህሊ ይህ ልዩነት ለኑፋቄ በር የሚከፍት ነበር። የሬይ ከተማ ሊቃውንት አቡ ዙርዓና አቡ ሓቲም የአል-ዙህሊ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ከቡኻሪ ሐዲስ ማስተላለፍ አቆሙ። ከቡኻሪ ያልተለዩት ሙስሊም ኢብን አል-ሐጃጅ በበኩላቸው ከአል-ዙህሊ የጻፉትን ሁሉ በሸክም መልሰው ላኩ።

ቡኻሪ ወደ ትውልድ ከተማቸው ቢመለሱም ሰላም አላገኙም። ገዥው ቤተ መንግሥት መጥተው እንዲያስተምሩ ቢጠይቃቸው ዕውቀትን ወደ ሹም ደጅ አልወስድም ብለው እምቢ በማለታቸው ተባረሩ። በ870፣ በዒድ አልፈጥር ዋዜማ ሌሊት፣ ሰመርቀንድ አቅራቢያ በምትገኘው ኸርተንክ መንደር ከዘመዶቻቸው ዘንድ አረፉ።

በ‘ሶሒሕ’ ውስጥ ዛሬም ከአል-ዙህሊ የተቀበሏቸው 30 ያህል ሐዲሶች ይገኛሉ። የአስተላላፊው ስም አንዳንዴ ሙሐመድ ብቻ፣ አንዳንዴም በአያት ወይም በቅድመ አያት ስም ተጠርቷል፤ ሙሉ ስማቸው ግን አንድም ቦታ የለም። ቅሬታው ስሙን ሳይነካው አልቀረም ይሆናል፤ ሐዲሶቹ ግን አልተነኩም።